ከ«ነበልባል» እስከ «ብግነት»፦ የቁስልና የጠባሳ ስያሜዎች ታሪክ

የሕክምና ቃል ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲመለስ ቃሉ ብቻውን አይሻገርም፤ በየዘመኑ ስለ ነገሩ የነበረው እምነትም አብሮት ይመጣል። ስለዚህ ስያሜ የሚያወጣ ሰው የቃሉን ፍቺ ብቻ ሳይሆን ታሪኩንም መመርመር ይገባዋል። ለዚህ አብነት ይሆኑን ዘንድ ሁለት ቃላት መርጠናል፤ እነርሱም «ኢንፍላሜሽን» እና «ኬሎይድ» ናቸው። የዛሬው ሳይንስ ሁለቱን በምክንያትና በውጤት ስላስተሳሰራቸው፣ የአንዱ ስያሜ ከተሳሳተ የሌላውም ትርጉም ይዛባል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ኢንፍላሜሽን» ከእሳት የተወለደ ቃል ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ገደማ የተጻፈውና ዛሬ በኤድዊን ስሚዝ ስም የሚታወቀው የግብፅ ፓፒረስ፣ የቁስልን ግለት የሚገልጸውን ቃል በእሳት ማንደጃ ሥዕል አስደግፎ ይጽፋል። ግሪኮች ያበጠውንና የጋለውን ሥጋ «ፍሌግሞኔ» ሲሉት «አቃጠለ» ከሚለው ግሣቸው አወጡት። የሮማውያኑ «ኢንፍላማቲዮ»ም «ፍላማ» ከሚለው፣ ነበልባል ማለት ከሆነው ስም የተገኘ ነው። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ኬልሱስ አራቱን ምልክቶች ዘረዘረ፤ ይኸውም ቅላት፣ እብጠት፣ ግለትና ሕመም ነው። እንግዲህ ሦስቱም ቋንቋዎች የሰየሙት ዓይን ያየውንና እጅ የዳሰሰውን እንጂ ከቆዳ በታች የሚካሄደውን ሥራ አይደለም።

ትርጉሙ የተለወጠው ስሙ እንደ ነበረ ሳለ ነው። በ1794 ለኅትመት በበቃው መጽሐፉ ጆን ሐንተር ይህ ነገር ራሱ በሽታ ሳይሆን ሰውነት ለጉዳት የሚሰጠው ጠቃሚ ምላሽ ነው አለ። በ1867 ኮንሃይም ነጭ የደም ሕዋሳት ከደም ሥር ግድግዳ ሾልከው ወደ ተጎዳው ሥጋ ሲወጡ በእንቁራሪት ላይ አሳየ። በ1882 ሜችኒኮፍ በሜሲና ከተማ በባሕር ኮከብ እጭ ላይ እሾህ ወግቶ ሕዋሳት እሾሁን ሲከቡት ተመለከተ። በጥፋት ምልክትነት የሚታወቀው ቃል በዚህ ሁኔታ የመከላከያ ስም ሆነ።

የ«ኬሎይድ» ታሪክ ደግሞ ስያሜ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ያስተምራል። ፈረንሳዊው የቆዳ ሐኪም አሊቤር በ1806 ይህን እብጠት ከነቀርሳ ጋር በሚያዛምድ ቃል «ካንክሮይድ» አለው። ኋላም ከነቀርሳ ጋር መምታታቱ ስላሳሰበው ከግሪኩ «ኬሌ»፣ ማለትም ከሸርጣን መቆንጠጫ፣ አዲስ ስም አወጣለት፤ እብጠቱ ወደ ጤነኛው ቆዳ ጥፍሩን እንደሚዘረጋ ሆኖ ታይቶታልና። ነገር ግን በ1854 እንግሊዛዊው ቶማስ አዲሰን «እውነተኛ ኬሎይድ» ብሎ የገለጸው ሌላ ሕመም፣ ዛሬ «ሞርፊያ» የሚባለው የቆዳ መጠጠር፣ ሆኖ ተገኘ። አንድ ስም ለሁለት ሕመም በመዋሉ አንባቢው የትኛው እንደ ተነገረ ለማወቅ የደራሲውንም ስም መጠየቅ ነበረበት።

የዛሬውን እውቀት በአጭሩ እንግለጽ። ደም ከቆመ በኋላ ቁስሉ ለጥቂት ቀናት ይቀላል፣ ይግላል፤ የሚመጡት ሕዋሳት ያጸዱታል፣ ለጥገናውም ትእዛዝ ያስተላልፋሉ። ቀጥሎ ፋይብሮብላስት የሚባሉት ሕዋሳት ኮላጅንን ይሠራሉ፤ በመጨረሻም ጠባሳው ቀስ በቀስ ይስተካከላል። የመጀመሪያው ምዕራፍ በጊዜው ካልተዘጋ ግን የኮላጅኑ ሥራ ገደብ ያጣል። ጃፓናዊው ሐኪም ሬይ ኦጋዋ በ2017 ባወጣው ጽሑፍ ኬሎይድም ሆነ ያበጠ ጠባሳ በጥልቁ የቆዳ ድርብ ውስጥ የቆየ ኢንፍላሜሽን ውጤት መሆኑን አስረድቷል። ልዩነታቸው ያበጠው ጠባሳ በቁስሉ ወሰን ውስጥ መቅረቱ፣ ኬሎይድ ግን ወሰኑን ማለፉ ነው። ኬሎይድ በቀዶ ጥገና ብቻ ሲወገድ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል፤ ኢንፍላሜሽንን የሚያበርደው የስቴሮይድ መርፌ ከዋና ዋና ሕክምናዎቹ አንዱ የሆነውም ለዚህ ነው።

ወደ አማርኛ እንመለስ። ሕዝቡ «ቁስሉ ተቆጣ» ይላል፤ «አመረቀዘ»፣ «መግል ያዘ» ም ይላል። እነዚህ ሦስቱ አንድ አይደሉም። መግል መያዝ በአብዛኛው የተሐዋስያንን መግባት፣ ማለትም ኢንፌክሽንን፣ ያመለክታል፤ ኢንፍላሜሽን ግን ያለ ተሐዋስያንም ይኖራል። ተርጓሚው «ኢንፍላሜሽን» የሚለውን «ማመርቀዝ» ብሎ ቢመልሰው ጆሮዋን ተበስታ ኬሎይድ የወጣባት ወጣት ሕመሟ የመግል ስለሚመስላት የማይጠቅማትን የተሐዋስያን መድኃኒት ትፈልጋለች። ስሕተቱ በመዝገበ ቃላት ይጀመራል፤ ዋጋው የሚከፈለው ግን በሰው ገላ ነው።

በሕክምና ጽሑፎች እየተለመደ የመጣው «ብግነት» ከዚህ አደጋ ነጻ ነው። «ደከመ» «ድክመት» ን እንደሚያስገኝ ሁሉ «በገነ»ም «ብግነት» ን ያስገኛል። «በገነ» በንዴት መቃጠልን ስለሚገልጽ፣ የግሪኩንና የሮማይስጡን እሳት ከሕዝባችን «ተቆጣ» ጋር ያገናኛል። «ጠባሳ»ም ሥር ፊደላቱ ከ«ጠበሰ» ጋር አንድ መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል።

ስለሆነም በበኩላችን የሚከተለውን እናቀርባለን። «ብግነት» ለኢንፍላሜሽን ብቻ ይዋል፤ «ማመርቀዝ» እና «መግል መያዝ» በየራሳቸው ስፍራ ይጠበቁ። «ኬሎይድ» በውሰት ይቆይ፤ ሸርጣኑን መተርጎም አሊቤር የሸሸውን የነቀርሳ ፍርሃት መልሶ መጥራት ነውና። ለማብራሪያ ግን «ወሰን ዘለል ጠባሳ» ቢባል፣ «ያበጠ ጠባሳ» ከሚለው ይለየዋል። ሐኪሙና ሕመምተኛው በአንድ ቃል አንድ ነገር ሲረዱ ስያሜው ሥራውን ፈጸመ ማለት ነው።