የባትሪ ክፍል፣ አየሩና ሙቀቱ

ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በእርሳስና በሰልፈሪክ አሲድ የሚሠራውን፣ ደጋግሞ ቻርጅ የሚደረገውን ባትሪ የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው። ካሚይ ፎር በ1881 የባትሪውን ሳህኖች በእርሳስ ኦክሳይድ እየለጠፈ አቅማቸውን ካሳደገ በኋላ ባትሪ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ወደ ኃይል ማመንጫዎችና ወደ ቴሌፎን ጣቢያዎች ገባ። ለብቻው ክፍል ያስፈለገውም ከዚያ ወዲህ ነው።

በ48 ቮልት የሚሠራ የቴሌፎን ጣቢያ በተለምዶ 24 ሴሎችን በተከታታይ ያገናኛል። የቀድሞዎቹ ሴሎች አብዛኛውን ጊዜ በመስታወት ዕቃ ወይም እርሳስ በተለበጠ የእንጨት ገንዳ ውስጥ ያለ ክዳን የተቀመጡ ነበሩ። ቻርጅ ሲደረጉ የሚፈላው አሲድ ጉም ሆኖ ይነሣና ጉሮሮ ይከረክራል፣ ብረት ይበላል። የከፋው አደጋ ግን ሽታም ቀለምም አልነበረውም። ባትሪው ከሞላ በኋላ ኤሌክትሪኩ ውኃውን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይከፋፍለዋል፤ በአየር ውስጥ 4 በመቶ የደረሰ ሃይድሮጅን ደግሞ በትንሽ ብልጭታ ይቀጣጠላል።

ስሌቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሴል በአንድ አምፔር ሰዓት ትርፍ ቻርጅ 0.42 ሊትር ያህል ሃይድሮጅን ያወጣል። በ10 አምፔር ትርፍ የሚሞሉ 24 ሴሎች በሰዓት 100 ሊትር ገደማ ይለቃሉ ማለት ነው። ይህን ከ1 በመቶ በታች ለማቆየት በሰዓት 10 ሜትር ኩብ ያህል ንጹሕ አየር ይበቃል። መጠኑ ብዙ አይደለም፤ ዋናው ነገር አየሩ የሚሄድበት መንገድ ነው። ሃይድሮጅን ከአየር 14 ጊዜ ያህል ስለሚቀል ወደ ኮርኒሱ ወጥቶ በወራጆች መካከል ይከማቻል። ስለዚህ ማስገቢያው ከወለሉ አጠገብ፣ ማስወጫው በተቃራኒው ግድግዳ ከጣሪያው ሥር ይሆናል።

መስኮት በሌለው ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ስሕተት ምሕረት የለውም። የእርሳስ ባትሪ የባሕር ውኃ ሲነካው መርዛማ ክሎሪን ያወጣል፤ ቶማስ ኤዲሰን ለዚህ መፍትሔ ብሎ በኒኬልና በብረት የሚሠራ ባትሪ አቀረበ። ክሎሪኑ ቀረ፣ ሃይድሮጅኑ ግን አልቀረም። በጥር 1916 ይህን ባትሪ የያዘው የአሜሪካ ሰርጓጅ ኢ-2 በኒውዮርክ የባሕር ኃይል ግቢ ውስጥ ፈንድቶ ሰዎች ሞቱ።

በ20ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በቫልቭ የተዘጋው የእርሳስ ባትሪ መጣ። በውስጡ የሚፈጠረው ኦክስጅን አሉታዊው ሳህን ላይ ተመልሶ ውኃ ስለሚሆን ጋዙ እጅግ ቀነሰ። ብዙዎች «የማይተነፍስ» አድርገው ቆጥረውት ከቢሮ ዕቃ ጎን በጠባብ ክፍል አስቀመጡት። ይሁንና ይኸው ሂደት ሙቀት ይፈጥራል፤ የሞቀ ባትሪ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ሲስብ ደግሞ ይብስ ይሞቃል። አደጋ ባይደርስ እንኳ ከ25 ዲግሪ በላይ ለየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። በዚህም ምክንያት ኤር ኮንዲሽነር፣ በሴሎች መካከል የሚተው ክፍተትና እንደ ሙቀቱ ቮልቴጅ የሚቀንስ ቻርጀር ተለመዱ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር አለ፤ የክፍሉን አየር መልሶ የሚያዞር ማቀዝቀዣ ሙቀቱን እንጂ ጋዙን አያወጣም።

ከ1991 ጀምሮ ለገበያ የቀረበው የሊትየም አዮን ባትሪ በጤናው ጊዜ ጋዝ አያወጣም። አንድ ሴል ሲበላሽ ግን ጎረቤቶቹን እያጋለ ሃይድሮጅንና ሌሎች ተቀጣጣይ ጋዞችን ይለቃል። በሚያዝያ 2019 በአሪዞና ሰርፕራይዝ ከተማ በአንድ የባትሪ ማከማቻ የሆነው ይኸው ነው። የእሳት ማጥፊያው ጋዝ ቢረጭም የሴሎቹን መጋል አላቆመም፤ መውጫ ያጣው ጋዝ ተጠራቅሞ ቆየ፤ በሩ ሲከፈት ፈነዳና በቦታው የደረሱትን የእሳት አደጋ ሠራተኞች አቆሰለ። የአሜሪካ ደረጃ የሆነው ኤንኤፍፒኤ 855 በ2020 እትሙ ለእንዲህ ያሉ ተከላዎች የፍንዳታ መከላከያ አዘዘ፤ ይህም ተቀጣጣዩን ጋዝ ከሚፈነዳበት መጠን በታች በሚያቆይ አየር ማስወጫ ወይም የፍንዳታውን ግፊት ወደ ውጭ በሚያሳልፉ ልዩ መክፈቻዎች ይፈጸም ነበር።