ደጋ፣ ቆላና ደማችን

ዝግመተ ለውጥ ሲባል ብዙ ወላጆች ቶሎ ትዝ የሚላቸው የዝንጀሮው ነገር ነው። ክርክሩ እዚያው ይጀመርና እዚያው ያልቃል። እኔም ለባግሩት ባዮሎጂ ስማር ምሳሌው ሁሉ የእንግሊዝ አገር የእሳት ራት ነበር። የተፈጥሮ ምርጫን ለማየት ግን እንግሊዝ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ወላጆቻችን የተወለዱበት አገር፣ ሰሜን፣ ወገራ፣ ደምቢያ፣ ይበቃል።

ሐሳቡ ከባድ አይደለም። ከወላጆቻችን የምንወርሰው ጂን አልፎ አልፎ ትንሽ ለውጥ ይገባበታል። ለውጡ በዚያ ቦታ ለመኖር የሚረዳ ከሆነ ያ ሰው ልጆች ወልዶ የማሳደግ ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ከብዙ ትውልድ በኋላ የአንድ ሰው የነበረው የሕዝቡ ይሆናል። ማንም አስቦ አልመረጠም። የመረጠው ቦታው ነው፦ አየሩ፣ ብርዱ፣ በሽታው።

ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምራ በ2002 ውጤቱን አወጣች። እዚያ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን እዚህ ነታንያ ባሕር ዳር ከሚገባው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። የደቡብ አሜሪካ ተራራ ሰዎች ይህን የሚቋቋሙት ሄሞግሎቢናቸው ጨምሮ ነው። የቲቤት ሰዎች ሄሞግሎቢን ያን ያህል አይጨምርም፣ ደማቸው ግን የሚይዘው ኦክስጅን ዝቅ ያለ ነው። የሰሜን ሰዎች ከሁለቱም አይደሉም! ሄሞግሎቢናቸው ቆላ እንደሚኖር ሰው፣ የደማቸው ኦክስጅንም በአማካይ 95.3 ከመቶ ሆኖ ተገኘ። ሦስት ሕዝብ፣ አንድ ችግር፣ ሦስት መፍትሔ። ለእኔ ከእሳት ራቱ ይህ ይበልጣል።

የተመረመሩት አማሮች ነበሩ፤ ቤተ እስራኤልም በዚያው አካባቢ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል። በ2010 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናትም የቤተ እስራኤልን ጂን ከጎረቤቶቻቸው ጋር ቅርብ ሆኖ አግኝቶታል። ይህን ይዞ ስለ አይሁድነታችን መከራከር የማይገናኝ ነገር ማገናኘት ነው። ጂን ሰው የት እንደኖረና ከማን ጋር እንደተዋለደ ይናገራል፤ ሰንበትን እንዴት እንደጠበቀ አይናገርም።

ደጋ ከወባ ይጠብቃል፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው። በምዕራብ አፍሪካ ቆላ የበዛው፣ የደም ሴልን ማጭድ የሚያስመስለው ጂን ከወባ ሞት ያድናል፤ በኢትዮጵያ ደጋ ግን ብዙም አይገኝም፣ ወባ በሌለበት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውምና። ከዚህም ሌላ ቆላ ያደገ ሰው ከልጅነቱ ሲታመምና ሲድን ሰውነቱ ይለምዳል፣ ደገኛው አይለምድም። በ1958 ወባ ወደ ደጋው ወጥቶ 150,000 ያህል ሰው እንደገደለ ተገምቷል። በ1984 ደግሞ ወላጆቻችንና አያቶቻችን ከደጋ ተነስተው በእግራቸው ወደ ሱዳን ቆላ ወረዱ። በመንገድና እንደ ኡም ራኩባ ባሉ መጠለያዎች በረሃብ፣ በኩፍኝ፣ በተቅማጥና በወባ ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን እንዳለቁ ይነገራል። ለሰሜን አየር የተሠራ ሳንባ እዚያ ምንም አላደረገላቸውም። ምርጫ ያለፈውን እንጂ የሚመጣውን አያውቅም።

አንዱ ለውጥ ግን እስከ ኤይን ሀትኽሌት ድረስ አብሮን መጥቷል። በቀይ የደም ሴል ላይ ዳፊ የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ቪቫክስ የተባለው የወባ ተውሳክ እንደ በር ይጠቀምበታል። በብዙ አፍሪካውያን ዘንድ አንዲት የጂን ፊደል ተለውጣ ያንን በር ዘግታዋለች። በኢትዮጵያ በሩ የተዘጋበትም ያልተዘጋበትም አለ። በ2009 ደግሞ በጥቁር አሜሪካውያን ላይ የተሠራ ጥናት ይኸው ለውጥ በደም ምርመራ የሚቆጠሩትን ኒውትሮፊል የተባሉ ነጭ ሴሎች ዝቅ እንደሚያደርግ አሳየ። ሰውየው ጤነኛ ነው፣ ቁጥሩ ብቻ ያንሳል። በኢትዮጵያና በየመን አይሁዶች ላይ ሐኪሞች ይህን አስቀድመው አይተውት ነበር።

ስለዚህ ከኩፓት ሆሊም የሚመጣው ወረቀት ላይ ነጭ የደም ሴል ዝቅ ብሎ ምልክት ሲደረግበት፣ እናቶች፣ ወዲያው አትደንግጡ፤ ዝምም አትበሉ። ዝቅተኛ ቁጥር አንዳንዴ እውነተኛ በሽታ ነው። የድሮ ውጤቶቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና ቁጥሩ ሁልጊዜም እንዲህ እንደነበረ ሐኪሙ እንዲያይ አድርጉ፤ ስለ ዳፊም ጠይቁት።