ለመታየት ያልተሠሩ ንዋያተ ቅድሳት

ሙዚየም የቆመው በሁለት ተግባራት ላይ ነው፤ ያሳያል፣ ይጠብቃል። ንዋያተ ቅድሳት እጁ ሲገቡ ግን አንዱ ወይም ሌላው ተግባር ከአማኞቹ ሥርዓት ጋር ይጋጫል።

በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም 11 የኢትዮጵያ ታቦታት አሉ። አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1868 አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ዘርፎ የወሰዳቸው ናቸው። ታቦት ለጥምቀት ሲወጣ እንኳ በመጎናጸፊያ ተሸፍኖ በካህን ራስ ላይ ነው የሚሄደው፤ ምእመኑ እልል የሚለው ጨርቁን እያየ ነው። ሙዚየሙም ይህን አክብሮ ታቦታቱን ለሕዝብ አሳይቷቸው አያውቅም። የሚገኙበት ክፍል ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ካህናት ካልሆነ በቀር ለራሱ ባለሙያዎችም ዝግ ነው።

በአሜሪካ የኒው ሜክሲኮ ነባር ሕዝብ የሆኑት የዙኒዎች ጥያቄ ደግሞ ጥበቃን የሚነካ ነው። አሃዩዳ የሚባሉትን ከእንጨት የተቀረጹ የጦር አማልክት በገላጣ መቅደስ ያቆሟቸዋል፤ ዝናብና ፀሐይ እየበላቸው ወደ አፈር መመለሳቸው የእምነቱ አካል ነው። የማኅበረሰቡ የጋራ ንብረት ስለሆኑ ማንም ግለሰብ ሊሸጣቸው አይችልም፤ ከመቅደስ የወጣ ሁሉ ተሰርቋል ማለት ነው። ዙኒዎች በ1978 የጀመሩት የማስመለስ ጥረት ብዙ ሙዚየሞችን አሳምኗል፤ የአሜሪካው የሙዚየሞች ተቋም ስሚዝሶኒያንም በ1987 መልሶላቸዋል። በመድኃኒትና በቁልፍ ከመበስበስ ሲጠበቅ የኖረው እንጨት እንዲበሰብስ ተለቀቀ።

ሞስኮ መካከለኛውን መንገድ መርጣለች። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ከቁስጥንጥንያ የመጣው የቭላድሚር እመቤታችን ሥዕል የትሬቲያኮቭ ሙዚየም ንብረት ሆኖ ሳለ፣ የሚገኘው ከሙዚየሙ ጋር በተያያዘው በቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጥይት በማይበሳው መስታወት ውስጥ ሙቀትና እርጥበቱ ይመጠንለታል፤ ፊት ለፊቱ ይቀደሳል።

የሞስኮው መላ ግን ሥዕልን እንጂ ታቦትን አይመለከትም፤ ታቦት በመስታወት አይቀመጥም። ለታቦት የሚቀረው መመለስ ነው። በኤዲንብራ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘው ታቦት በ2002 አዲስ አበባ ገብቷል። የለንደኖቹን ግን ያገዳቸው ሙዚየሙ ንብረቱን እንዳይለቅ የሚከለክለው የ1963ቱ ሕግ ነው። ሆኖም ሕጉ ለስብስቡ የማይመጥን ቅርስ ተመራማሪዎችን ሳይጎዳ እንዲሰናበት ይፈቅዳል። የማስመለስ ተሟጋቾች በ2021 የያዙት ይህንኑ አንቀጽ ነው፦ የማይታይና የማይጠና ታቦት ቢመለስ የሚጎዳ ተመራማሪ የለም። ለዚህም ክርክራቸው ዋናው ማስረጃ የሙዚየሙ የራሱ ዝግ ክፍል ነው።