ከሕሙማን አልጋ እስከ ቀዶ ሕክምና ክፍል

ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 በአዲስ አበባው የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የማህፀንና የጽንስ ሐኪሞች ሆነው ሥራ ሲጀምሩ፣ በተራዘመ ምጥ ሳቢያ የሚደርሰውን ፊስቱላ ቀደም ሲል አይተውት አያውቁም ነበር። ቀዶ ሕክምናውን የተማሩት እንደ ግብጻዊው ናጊብ ማህፉዝ ያሉ ቀደምት ሐኪሞች የጻፉትን በማጥናት ነው።

ይሁን እንጂ የእጅ ጥበብ ብቻውን የሕሙማኑን ምስጋና አያስረዳም። ሽንታቸውን መቆጣጠር የተሳናቸው እነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ በባሎቻቸው የተተዉ ነበሩ፤ ሆስፒታል ከደረሱ በኋላም ከጠረናቸው የተነሣ ሌሎች ታካሚዎች ይሸሿቸው ነበር። ሐምሊኖች በግቢው ውስጥ ለብቻቸው ማረፊያ አሠሩላቸው። የተለየ ማረፊያ መገለል ይመስል ይሆናል፤ ለእነርሱ ግን ማንም ፊቱን የማያዞርበት ስፍራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ራሱን የቻለ የፊስቱላ ሆስፒታል ተከፈተ። ድና ወደ አገሯ የምትመለስ ሴት አዲስ ቀሚስ ለብሳ ትሸኛለች። ቀሚሱ ከሕክምና ውጭ የሆነ ነገር የሚመስለው ሰው ካለ፣ አሮጌው ልብስ ምን ሆኖ እንደ ኖረ አላሰበም ማለት ነው።

ከእነዚሁ ሕሙማን አንዷ ማሚቱ ጋሼ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከታከሙ በኋላ አልጋ በማንጠፍ ጀመሩ፤ ቀጥሎም ለሐኪሞቹ መሣሪያ ማቀበል ያዙ፤ በመጨረሻ፣ መደበኛ ትምህርት ሳይኖራቸው፣ ቀዶ ሕክምናውን ራሳቸው ተካኑት። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሰርጅንስ ከሐምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማቸው። በየአልጋው የሚያስታምሙት ረዳቶችም አብዛኞቹ ቀድሞ እዚያው የታከሙ ሴቶች ነበሩ፤ አዲስ የገባችው ሕመምተኛ ስለ ሕመሟ የምታፍርበት ሰው በዙሪያዋ አልነበረም።