ተጎትቶ የሚሠራ የናና ከረሜላ

ተጎትቶ የሚሠራ የናና ከረሜላ ከስኳር፣ ከውኃና ከናና መዓዛ የሚዘጋጅ ጠንካራ ጣፋጭ ነው። ስያሜውን ያገኘው ከአሠራሩ ሲሆን፣ የፈላው ስኳር ከመድረቁ በፊት በእጅ እየተሳበና እየታጠፈ እስኪነጣ ድረስ ይሠራል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በተለይ በገና ሰሞን የተለመደ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች ሲሠራ ግን ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈው የሙቀት ልክ መስተካከል አለበት፤ አለዚያ ስኳሩ ከሚገባው በላይ ይደርቃል።

ስያሜና ታሪክ

«ከረሜላ» የሚለው ቃል የመጣው ከጣልያንኛ ነው። ለዚህ ከረሜላ መዓዛ የሚሰጠው ፔፐርሚንት የተባለው የናና ዓይነት ሲሆን፣ በውስጡ ሜንቶል የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ሜንቶል በራሱ አፍን አያቀዘቅዝም፤ ቅዝቃዜን የሚለዩ ነርቮችን ስለሚቀሰቅስ አፍ የቀዘቀዘ ያህል ይሰማል።

ከታወቁት ዓይነቶች አንዱ ፖልካግሪስ የተባለው ቀይና ነጭ የስዊድን ከረሜላ ነው። አማሊያ ኤሪክሶን የተባለች ባሏ የሞተባት ሴት እ.ኤ.አ. በ1859 በግሬና ከተማ እየሠራች መሸጥ ጀመረች።

በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን ዋናው ማጣፈጫ ማር ነበር። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ ያቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ።

አስፈላጊ ነገሮች

• 400 ግራም ስኳር
• 120 ሚሊ ሊትር ውኃ
• 1 የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ
• ግማሽ የሻይ ማንኪያ የፔፐርሚንት ኤሰንስ
• ጥቂት ቀይ የምግብ ቀለም
• ለትሪውና ለእጅ የሚቀባ ዘይት

የሎሚው አሲድ የስኳሩን ከፊል ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ስለሚከፋፍለው ሽሮፑ ተመልሶ አሸዋ እንዳይመስል ይከላከላል። ኤሰንሱ በእሳት ላይ ስለሚተን የሚጨመረው ድስቱ ከወረደ በኋላ ነው።

የሙቀት ልክና የቦታ ከፍታ

ሽሮፕ ሲፈላ ውኃው እየተነነ የስኳሩ መጠን ይጨምራል፤ የሚፈላበት ሙቀትም አብሮ ይወጣል። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ለዚህ ከረሜላ የሚፈለገው ከ146 እስከ 149 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በአዲስ አበባ ደቡብ የሚገኘው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ግን አብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር የማያንስ ከፍታ አለው። የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ በመሆኑ ንጹሕ ውኃ በ100 ሳይሆን ከ92 እስከ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ሽሮፑ በ146 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ከሚገባው በላይ ደርቋል፤ ለመሳብም ጊዜ ሳይሰጥ ይጠነክራል።

መፍትሔው አስቀድሞ ውኃ አፍልቶ በቴርሞሜትር መለካት ነው። ንባቡ 93 ከሆነ ከ100 ያለው ልዩነት 7 ነው፤ ይህ ከመመሪያው ላይ ሲቀነስ ትክክለኛው ልክ ከ139 እስከ 142 ዲግሪ ይሆናል። ቴርሞሜትር ከሌለ ጥቂት ጠብታ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይጣላል፤ ወዲያው ደርቆ ሲሰበር «ቀጭ» ካለ ደርሷል።

አሠራር

ስኳሩ፣ ውኃውና ሎሚው በወፍራም ድስት ውስጥ በመካከለኛ እሳት እስኪሟሙ ድረስ ይማሰላሉ። መፍላት ከጀመረ በኋላ አይማሰልም፤ ድስቱ ለ2 ደቂቃ ያህል ቢከደን እንፋሎቱ ጠርዝ ላይ የተጣበቀውን ስኳር ያጥባል። ልኩ ላይ ሲደርስ ይወርድና ኤሰንሱ ተጨምሮ ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ይፈስሳል። ከሽሮፑ ጥቂቱ ለብቻው ተለይቶ ቀይ ቀለም ይገባበታል።

ጠርዙ ወደ መሃል እየታጠፈ ሲቀዘቅዝና እጅ ሲችለው ይሳባል፣ ይታጠፋል፣ እንደገና ይሳባል። በየእጥፋቱ የሚገባው አየር በጣም ጥቃቅን አረፋ ሆኖ ብርሃንን ስለሚበትን የብርጭቆ መልክ የነበረው ስኳር ነጭና አንጸባራቂ ይሆናል። ቀዩ ከነጩ ጋር ተጠምዝዞ ሳይደርቅ በመቀስ ይቆረጣል።

ጥንቃቄ

ትኩስ ሽሮፕ ከፈላ ውኃ እጅግ ይሞቃል፤ ቆዳ ላይም ተጣብቆ ይቀራል። በሚፈላበትና በሚፈስስበት ጊዜ ልጆች ከአጠገቡ መራቅ አለባቸው። ቃጠሎ ከደረሰ ቦታው ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል፤ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ ወይም ዘይት አይቀባም። ቃጠሎው ሰፊ ወይም ጥልቅ ከሆነ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ጠንካራ ከረሜላ ጉሮሮ ሊዘጋ ስለሚችል ለትንንሽ ሕፃናት አይሰጥም።

በበዓል ወቅት

ከረሜላው ወተትም ቅቤም ስለሌለው ከኅዳር 15 ጀምሮ በሚጾመው ጾመ ነቢያት ሊበላ ይችላል። የአየሩ ሁኔታም ለገና ይስማማል፤ ስኳር እርጥበት ስለሚስብ በደረቁ የታኅሣሥ አየር የተሠራ ከረሜላ በክረምት ከሚሠራው ያነሰ ይጣበቃል። ያም ሆኖ በደንብ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ መቀመጥ አለበት።