ምላስ ሲናገር፣ ልብ የት ነበር?

«ተናድጄ ነው» ተብላ የምትወጣ የኩፍር ቃል ታስጠይቃለች? መልሱን ከአያቶቻችን ታሪክ እንጀምር።

አፄ ዮሐንስ ከ1870 ዓ.ም የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎን ሙስሊሞች በግዳጅ አስጠመቁ። ብዙዎች ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆነው ኖሩ። ግዳጁ የላላው ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም እንጦጦ ማርያም ከነገሡ ወዲህ ነው።

የነዚህ ሰዎች ምሳሌ ዐማር ኢብኑ ያሲር (ረ.ዐ) ናቸው። መካ ላይ ሲሰቃዩ ምላሳቸው ሳተ፤ ልባቸው ግን በኢማን ረግቶ ነበር። ሱረቱ አን-ነሕል 106 የተገደደን ሰው ከተጠያቂነት አወጣው።

ቁጣስ? ኢብኑል ቀዪም ስለ ፍቺ ሲጽፉ ቁጣን በሦስት ከፈሉ፦ የሚለውን እያወቀ የተቆጣ ይጠየቃል፤ አእምሮውን የሳተ አይጠየቅም፤ በመካከል ያለው ዑለማዎችን አከራክሯል። ለኩፍር ቃልም መመዘኛው ዕውቀትና ምርጫ ነው።

አያቶቻችን ሰይፍ ነበረባቸው። እኛን ማን አስገደደን? ስንቆጣ ዝም እንበል፤ ካመለጠንም ወደ ተውበት እንፍጠን።