ሄልሜቱ ያላዳነው፦ ኮንከሽን፣ ስፖርተኞችና የአእምሮ ጤና

ለዛሬ ከአንድ ዓመት እንነሳ፦ ከ1943። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዓመት ሁለት የማይተዋወቁ ነገሮች ተከሰቱ። አሜሪካ ውስጥ ኤንኤፍኤል የሚባለው የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ማንኛውም ተጫዋች ያለ ሄልሜት ሜዳ እንዳይገባ ደነገገ። እንግሊዝ አገር ደግሞ ሆልበርን የተባለ የኦክስፎርድ የፊዚክስ ተመራማሪ ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ ጭንቅላት ጉዳት ሜካኒክስ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ሊጉ የራስ ቅልን የሚጠብቅ መላ ሲያበጅ፣ ሆልበርን ደግሞ ዋናው አደጋ ሌላ ቦታ እንዳለ እያሳየ ነበር። ሁለቱ ሐሳቦች እስኪገናኙ ግን ብዙ አሥርት ዓመታት አለፉ። እስከዚያው ብዙ ስፖርተኞች ጤናቸውን፣ ትዳራቸውን፣ አንዳንዶቹም ሕይወታቸውን አጡ።

እንቁላሉ የሚያስተምረን

ኮንከሽን (የአንጎል መናወጥ) ማለት በምት ወይም በድንገተኛ ንቅናቄ የተነሳ የአንጎል ሥራ ለጊዜው ሲቃወስ ነው። ብዙ ሰው ራስን መሳት የግድ ይመስለዋል። አይደለም፤ አብዛኞቹ ኮንከሽን የሚደርስባቸው ሰዎች ጨርሶ ራሳቸውን አይስቱም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ነገር መርሳት፣ ብርሃን መጥላት፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ ቶሎ መናደድ ወይም ያለ ምክንያት ሆድ መባስ ሊታይባቸው ይችላል።

ታዲያ ውስጥ ምን ይፈጠራል? ቤት ውስጥ አንድ ሙከራ አድርጉ። ጥሬ እንቁላል ጠረጴዛ ላይ አሽከርክሩ። ከዚያ በጣታችሁ ያዝ አድርጋችሁ አስቁሙትና ወዲያው ልቀቁት። እንደገና መዞር ይጀምራል! ለምን መሰላችሁ? ጣታችሁ ያስቆመው ቅርፊቱን ብቻ ነው፤ ውስጡ ገና እየዞረ ነበር። አንጎልም በራስ ቅል ውስጥ እንዲሁ ነው፤ ቅሉ ሲዞር ይዘገያል፣ ቅሉ ሲቆም ደግሞ ገና ይሄዳል።

ሆልበርን የአንጎልን ቅርጽ በጄላቲን ሠርቶ ያጠናው ይህንኑ ነበር። አንጎልን እንደ ውሃ ጨምቆ ማሳነስ በጣም ከባድ ነው፤ ቅርጹን ማዛባት ግን ቀላል ነው። ስለዚህ አንጎልን በዋናነት የሚጎዳው ቀጥ ብሎ የሚገፋ ኃይል ሳይሆን ጭንቅላትን በድንገት የሚያዞር ኃይል ነው አለ። እኔ የምማረው ምህንድስና ስለሆነ ይህ ነገር ልቤን ይስበዋል። ወፍራም መጽሐፍ ላይ እጃችሁን አድርጋችሁ ሽፋኑን ወደ ጎን ብትገፉት ገጾቹ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ አይደል? የአንጎል ክፍሎችም እንዲሁ ሲንሸራተቱ መልእክት አስተላላፊዎቹ ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ይሳባሉ፤ ይጎዳሉም።

አሁን ወደ ሄልሜቱ እንመለስ። ሄልሜት የምቱን ኃይል ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ስለሚበትን የራስ ቅል እንዳይሰበር ይረዳል፤ የብዙ ሰው ሕይወትም አድኗል። በ1973 አሜሪካ ውስጥ የወጣው የፉትቦል ሄልሜት መመዘኛም ሄልሜቱን ከከፍታ እየጣለ የሚፈትን ነበር። ቅሉ ውስጥ ያለው አንጎል እንዳይሽከረከር ማድረግ ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

“በቡጢ የሰከሩ”

ሐኪሞች ስለ ጉዳዩ ፍንጭ ያገኙት ከሆልበርን በፊት ነው። በ1928 ሃሪሰን ማርትላንድ የተባለ የኒው ጀርሲ አስከሬን መርማሪ ሐኪም ስለ ቦክሰኞች አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ለዓመታት የተደበደቡ ቦክሰኞች እንደ ሰካራም ይንገዳገዳሉ፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ አስተሳሰባቸው ይዘገያል። የቦክስ ሰዎች እነዚህን ቦክሰኞች “በቡጢ የሰከሩ” ይሏቸው ነበር። ተመልካቹ ይስቅባቸዋል። ማርትላንድ ግን ይህ የሚያስቅ ጠባይ ሳይሆን የአንጎል ጉዳት ነው ብሎ ጻፈ።

በ1973 ደግሞ ኮርሴሊስና ባልደረቦቹ እንግሊዝ አገር የ15 የቀድሞ ቦክሰኞችን አንጎል መርምረው ተመሳሳይ የጉዳት ምልክቶችን አገኙ። ብዙ ሰው ግን “ይሄ የቦክሰኞች ጣጣ ነው” ብሎ አለፈው። ሄልሜት ያደረገ የፉትቦል ተጫዋች ከቦክሰኛ ጋር ምን አገናኘው?

የማይክ ዌብስተር አንጎል

ማይክ ዌብስተር በኤንኤፍኤል 17 የውድድር ዘመናት ተጫውቷል፤ ከፒትስበርግ ስቲለርስ ጋር አራት ጊዜ ሱፐር ቦውል አንስቷል። ቦታው መሃል መስመር ላይ ስለነበር ከተጋጣሚው ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት መላተም የዕለት ተዕለት ሥራው ነበር።

ጨዋታ ካቆመ በኋላ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ይረሳል፣ ይናደዳል፣ በድባቴ ይሠቃያል። ገንዘቡ አለቀ፣ ትዳሩ ፈረሰ፣ መኪናው ውስጥ ያደረባቸው ሌሊቶችም ነበሩ። ያ ሁሉ ሕዝብ ያጨበጨበለት ሰው! በ2002 በ50 ዓመቱ ሞተ።

አስከሬኑን የመረመረው ቤኔት ኦማሉ የተባለ ናይጄሪያዊ ሐኪም ነበር። የዌብስተር አንጎል በዓይን ሲታይ ጤናማ ይመስላል። ኦማሉ ግን አልተወውም፤ በስስ በስሱ አስቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲያየው ታው የተባለ ፕሮቲን በማይገባው ቦታ ተጠራቅሞ አገኘ። ታው በጤናማ ነርቭ ውስጥ የክሮቹን መዋቅር ደግፎ የሚይዝ ፕሮቲን ነው፤ ከቦታው ሲለቅና ሲቋጠር ግን ሴሉን ይጎዳል። ይህ ሲቲኢ የሚባለው፣ ከተደጋጋሚ የጭንቅላት ምት ጋር የተያያዘ፣ ቀስ በቀስ የሚብስ የአንጎል በሽታ ነው።

ኦማሉና ባልደረቦቹ ግኝታቸውን በ2005 አሳተሙ። በሊጉ የኮንከሽን ኮሚቴ ውስጥ የነበሩ ሐኪሞች ግን ጽሑፉ እንዲሰረዝ መጽሔቱን ጠየቁ። መጽሔቱ አልሰረዘውም። የሚገርመው የሊጉ የጡረታ ቦርድ ዌብስተር በሕይወት እያለ በጭንቅላት ምት የተነሳ መሥራት እንደማይችል ተቀብሎ ክፍያ ፈቅዶለት ነበር። አንዱ ክፍል ያመነውን ሌላው ይክድ ነበር ማለት ነው።

በ2011 ደግሞ ዴቭ ዱርሰን የተባለ የቀድሞ ተጫዋች በገዛ እጁ ሕይወቱ አለፈ። ይህ ሰው የተጎዱ ተጫዋቾችን ማመልከቻ የሚያየው ቦርድ አባል ነበር። ከመሞቱ በፊት አንጎሉ ለምርምር እንዲሰጥ ተናዞ ነበር፤ ሲመረመርም ሲቲኢ ተገኘ።

ከ4,500 በላይ የቀድሞ ተጫዋቾች ሊጉን ከሰሱ። በ2013 የ765 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተደረገ፤ በኋላ የገንዘቡ ጣሪያ ተነሳ። ግን ሌላ ጉድ ወጣ። ካሳ ለማግኘት በሚደረገው የአእምሮ ፈተና ጥቁር ተጫዋቾች ሲጀመርም ዝቅተኛ ችሎታ እንዳላቸው ተደርጎ ይሰላ ነበር። ስለዚህ ጥቁር ተጫዋች “ተጎድቷል” ለመባል ከነጩ የበለጠ ማሽቆልቆሉን ማሳየት ነበረበት። ሁለት ጥቁር የቀድሞ ተጫዋቾች በ2020 ከሰሱ፤ ስሌቱም እንዲቀር ተደረገ። ቁጥርም እንደ ሰው ሊያዳላ እንደሚችል አስታውሱ።

ቴስታስ?

እግር ኳስ ለሚወዱ አንባቢዎች ይህ ጥያቄ አይቀርም። በ2019 የስኮትላንድ ተመራማሪዎች 7,676 የቀድሞ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾችን ከሌላው ሕዝብ ጋር አነጻጸሩ። ተጫዋቾቹ እንደ አልዛይመር ባሉ አንጎልን በሚያመነምኑ በሽታዎች የመሞት ዕድላቸው 3.5 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ቀጣዩ ጥናት ደግሞ ከፍተኛው አደጋ በተከላካዮች ላይ እንደሆነ፣ ቴስታ ብዙም የማይመቱት ግብ ጠባቂዎች ላይ ግን ያን ያህል ጭማሪ እንደሌለ አሳየ።

ግን ቆዩ፣ ታሪኩ አንድ ገጽታ ብቻ የለውም። እነዚሁ ተጫዋቾች በአእምሮ ጤና ችግር ሆስፒታል የመግባታቸው መጠን ከሌላው ሰው ያነሰ ነበር። ስፖርት ራሱ ለአእምሮ ጥሩ ነገር አለውና።

አንጎል እና አእምሮ

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ2017 በወጣ ጥናት ከ111 የቀድሞ የኤንኤፍኤል ተጫዋቾች አንጎል 110ሩ ሲቲኢ ነበረባቸው። ይህ ማለት ግን ከ111 ተጫዋቾች 110ሩ ይታመማሉ ማለት አይደለም። አንጎል የሚለግሱት ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ችግር ያዩ ቤተሰቦች ናቸው። ሲቲኢ በእርግጠኝነት የሚታወቀውም ከሞት በኋላ በሚደረግ ምርመራ ብቻ ነው። ድባቴ ብቻውን የሲቲኢ ምልክት አይደለም።

ኮንከሽን የደረሰበት ሰው ለድባቴና ለጭንቀት ይበልጥ እንደሚጋለጥ ግን የታወቀ ነው። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። አንጎሉ ራሱ ተጎድቷል። እንቅልፉ ተዛብቷል። ከቡድኑ ተነጥሎ ቤት ውሏል። “ተጫዋች ነኝ” ብሎ ራሱን የሚያውቅ ሰው ያ ስም ሲቀርበት ባዶነት ይሰማዋል። እግሩ ቢሰበር ጀሶውን አይቶ ሁሉም “አይዞህ” ይለዋል፤ አንጎሉ ሲናወጥ ግን የሚታይ ነገር ስለሌለ “ሰነፈ፣ ጠባዩ ተበላሸ” ይባላል። ከማርትላንድ ቦክሰኞች እስከ ዌብስተር የተደጋገመው ስህተት ይኸው ነው፦ ጉዳትን እንደ ጠባይ ማየት።

ደግነቱ ደንቦች እየተለወጡ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከ2020 ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ ዕድሜ ልጆች በልምምድ ላይ ቴስታ እንዳያሠሩ መመሪያ ወጥቷል። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ የውድድር አዘጋጆች ኮንከሽን ለደረሰበት ተጫዋች ተጨማሪ ቅያሪ እንዲፈቅዱ የእግር ኳስ ሕግ ዕድል ሰጥቷል። ለቀናት ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኙ የሚለው የድሮ ምክርም ተቀይሯል፤ አንድ ሁለት ቀን ቀለል አድርጎ ማረፍ፣ ከዚያ በእግር መሄድን የመሰለ ቀላል እንቅስቃሴ መጀመር ይመከራል። ብዙው ሰው በሳምንታት ውስጥ ይድናል፤ ተከትሎ የሚመጣ ድባቴም ሕክምና አለው።

ስለዚህ ሰፈር ሜዳ ላይ ጓደኛችሁ ተጋጭቶ ግራ ከተጋባ፣ “ደህና ነኝ” ቢልም አስወጡት፤ የዚያን ቀን አይመለስ። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም አልነቃ ካለ በፍጥነት ሐኪም ቤት ውሰዱት። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ደውሉለት። ጭንቅላቱን ብቻ ሳይሆን እንቅልፉንና ስሜቱንም ጠይቁት። ከፍቶት ካገኛችሁት ብቻውን አትተዉት፤ ለቤተሰብ ንገሩ፣ ሐኪም ጋ አብራችሁት ሂዱ።